የአንተስ ጉበት?

ጥቅምት 8

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፤

ይህች ወረቀት አንቺንም፣ ልጅሽንም፣ ስፌት ቤትሽንም በደህና ታግኛችሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሳሁት፣ እዚህ ሰው አገር አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ስለምንኖር በስልክ ያወራሁት ሁሉ የአራት ሰው ወሬ ስለሚሆን ነው። ይሄ ደግሞ ለአራት ሰው የሚወራ አይደለም።

ባለፈው ወር ልብስ ማጠቢያ ቤታችን፣ ላውንደሪያችን ውስጥ አደጋ ደረሰ። አንሶላ የሚተኩሰው ማሽን የአንዱን ባልደረባችንን እጅ ይዞት ገባ። ከእኔ ትይዩ የሚቆመው፣ የአንሶላውን ጫፍ ከወዲያ የሚይዝልኝ ሰውዬ ነው። ደም ያስፈልጋል ሲባል ሁላችንም በሥራ ልብሳችን እንዳለን ሄደን ሰጠን። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሎቹን አመስግነው እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ።

ደሜ ውስጥ ቫይረስ አለ። የጉበት ቫይረስ ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ይሉታል። ሐኪሟን «ከየት አመጣሁት?» አልኳት። እሷ ግን መልሳ «እናትህ በምን አረፈች?» አለችኝ። የማስታውሰውን ነገርኳት። እማዬ ሆዷ ሲነፋና ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ያኔ ሁሉም ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ አልፎታል። ሐኪሟ እንደምትለው እማዬ ቫይረሱን ይዛው ስትኖር ኖራ፣ ስትወልደን ለእኔም ለአንቺም አሻግራልን ይሆናል።

ክፋቱ አያምም። ሃያም ሠላሳም ዓመት ተኝቶ ይቆያል። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ወደ ጉበት ካንሰር ይዞራል። ለዚህ ነው ቫይረሱ ያለበት ሰው ምንም ሳያመው በየስድስት ወሩ ጉበቱን በአልትራሳውንድ መታየት ያለበት። ክፉው ነገር ገና በትንሽነቱ ከተያዘ ይወጣል፤ ሰውየውም ይተርፋል። ካደገ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ተመርመሪ። ነገ ከነገ ወዲያ አትበዪ። ወጪውን ለእኔ ተዪው። እንደ ልጅነቴ ፈረድኩብሽ እንግዲህ፤ ዳኛው ብላችሁ ያወጣችሁልኝን ስም ዛሬም አላጎደልኩም።

ወንድምሽ ዳኛው


ኅዳር 25

ለአንድዬ ወንድሜ ለዳኛው፤

ከራስ ጸጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ድረስ ሰላም ይብዛልህ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ደብዳቤህን ስፌት ቤት ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንዲት ደንበኛ የልጇን ዩኒፎርም ልታስለካ ፊቴ ቆማለች። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ «ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው?» አለችኝ። «ወንድሜ ፈርዶብኝ ነው» አልኳት።

እማዬ አሻገረችልን ማለትህን አልወደድኩትም። እማዬ የሰጠችን ብዙ ነገር ነው፤ ይሄንን ግን አውቃ አልሰጠችንም። ይቺን አስተካክላት።

ሄድኩ፤ ተመረመርኩ። አለብኝ።

ያን ጊዜ ስለ ራሴ ማሰቡን ተውኩት። ልጄን ማን ወለዳት? እኔው ነኝ። ውጤቷ እስኪመጣ ድረስ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። የለባትም። ሐኪሟ «ዕድለኛ ናት» አለችና እዚያው ክትባት አስጀመረቻት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝቼ አለቀስኩ። ልጄ «ኧረ እማ፣ ሰው እያየ ነው» ትለኛለች። «ይየኝ» አልኳት።

ከዚያ አንተ አልትራሳውንድ ወደምትለው ክፍል አስገቡኝ። ጨለምለም ያለች ክፍል ናት። አስተኝተው ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀቡኝ። የምታየኝ ልጅ ቀጭን፣ ጨዋታ የምትወድ ናት። «ትንፋሽዎን ይሳቡ፣ ይያዙ፣ አሁን ይልቀቁ» ትላለች። እኔ ስክሪኑ ላይ ባፈጥ ባፈጥ ከካፊያ በስተቀር ምንም አላየሁም። እሷ ግን የገዛ ሰፈሯን እንደምታስጎበኝ ሁሉ «ይሄ ሐሞት ነው፣ ይሄ ኩላሊት ነው፣ ይሄውልዎት ጉበትዎ» እያለች አዞረችኝ። መጨረሻ ላይ «ንጹሕ ነው። በስድስት ወር ይመለሱ» አለችኝ። ቫይረሱም ለጊዜው ተኝቷል፤ ኪኒን አያስፈልግሽም ተብያለሁ።

የአንተስ? የአንተን ጉበት አዩት? ሁለት ገጽ ሙሉ ስትፈርድብኝ ስለ ራስህ አንዲት መስመር አልጻፍክም።

እህትህ


ጥር 4

ለእታለም፤

ሰላምታዬ ከአንቺ አልፎ ለልጅሽም ይድረስ። ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። ክፍላችን ውስጥ ያሉት ሰዎች «የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኛል። «አዎ» አልኳቸው። ምን ልበል?

ስለ እማዬ ልክ ነሽ፤ አስተካክያለሁ። የልጅሽ ነገር ደግሞ ከሸክሜ ግማሹን አወረደልኝ። ክትባቱን እንዳታቋርጥ፤ ተከታትለሽ አስጨርሻት።

ያ ባልደረባዬ ተመልሷል። እጁ ተርፏል፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። አሁን አንሶላውን በክንዱ ነው የሚይዝልኝ። «ከሁለታችን ማን ደህና ነው?» ብሎ ይቀልዳል።

ስለ እኔ አታስቢ። እዚህ አገር ማሽኑ እንደ ሱቅ በየመንገዱ ነው። ከላውንደሪያችን ማዶ እንኳ አንድ ክሊኒክ አለ፤ እንፋሎቱ ሲቀልልን መስኮቱ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። አንቺ ብቻ የሰኔውን ቀጠሮሽን እንዳትረሺ።

ወንድምሽ


ሰኔ 17

ለወንድሜ ለዳኛው፤

እንዴት ከረምክልን? እኛ አለን፤ እግዜር ይመስገን።

ልሸሽ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ። ሳያመኝ ሐኪም ቤት መሄድ ሳይርበኝ መብላት ነው የሚመስለኝ። ደግሞ ወሩ የምርቃት ልብስ ወር ነው፤ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፣ ሁሉም «ነገ አድርሺልኝ» ይላል። ግን አንተ በስልክ አላስቀምጥ አልከኝ። በየሳምንቱ «ሄድሽ?» ነው። ከአበዳሪ ብሰህ። እጄ የስፌት ጠመኔ እንደነካው፣ መቀሴን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሄድኩልህ።

ያችው ቀጭን ልጅ ናት። አስታወሰችኝ። ጉበቴን አይታ ጨርሳ «እንደ ባለፈው ነው፤ እንዲህ በጊዜ የሚመጣ ሰው ደስ ይለኛል» ስትለኝ «እኔ አይደለሁም፣ ወንድሜ ነው» አልኳት። «እሳቸውም ይከታተላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እጠይቀዋለሁ» አልኳት።

መስኮቱ ይታየኛል አልከኝ እንጂ ገባሁ አላልከኝም። በስልክ ስጠይቅህ ትስቃለህ፤ አብሬህ እስቃለሁ፤ ከዘጋን በኋላ ነው ምንም እንዳልነገርከኝ የሚገባኝ። አሁን በወረቀት ጠየቅኩህ፤ በወረቀት መልስልኝ። የአንተስ ጉበት?

እህትህ


ጥቅምት 30

ለእታለም፤

ለዚህን ያህል ጊዜ ስለጠፋሁ ይቅር በይኝ። ሥራ ቦታዬን ቀይሬ ነው። ከማሽኑ አንስተው የታጠፈ ፎጣ ቆጥሬ መደርደሪያ ላይ የማስቀምጥበት ክፍል አስገቡኝ። ተቀምጬ ነው የምሠራው፤ ቀላል ነው። ስልኩም ሲሰበርብኝ ሳላሠራው ቀረሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር። ሁለት ሱሪ ስፊልኝ። እዚህ ልኬን አላገኘሁም። ጨርቁ ሳሳ ያለ ይሁን፤ ወገቡም ቀበቶ የማይፈልግ፣ በገመድ የሚታሰር። ተቀምጬ ስለምውል ወፍሬያለሁ። አንድ ሸሚዝ ብትጨምሪበትም አልጠላም። ባልደረባዬ በሜትር ለክቶኛል፦ አንገት 35፣ ትከሻ 42፣ ወገብ 103። ጣቶቹ ስለማይታጠፉ ሜትሩ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ሳይል አይቀርም።

ለልጅሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ዳኛው፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ እያየሁት ነው የምጽፍልህ።

ስትሄድ የሰፋሁልህን ሸሚዝ አልረሳሁትም። አንገቱ 39 ነበር። የሱሪህ ወገብ 82። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ነው የኖርኩት። የወፈረ ሰው አንገቱም ይወፍራል፣ ትከሻውም ይሰፋል። አንገቱ ቀጥኖ ወገቡ ብቻ የሚሰፋ ሰው አንድ ነው ያየሁት። ቀሚሷን እየፈታሁ መልሼ ስሰፋላት የነበረችውን አንተም ታውቃታለህ።

ባልደረባህ ሜትሩን በደንብ ነው የያዘው። ጣቱን አትውቀስ።

ሱሪውን ጀምሬዋለሁ። ግን እውነቱን ካልጻፍክልኝ አልልከውም። ምን እንዳሉህ፣ መቼ እንዳሉህ፣ ማን እንደነገረህ፣ አንድም ሳታስቀር ጻፍልኝ። ልጅ አይደለሁም፤ ታላቅህ ነኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

እታለም፤

ሰላምታውን ለዛሬ እለፊልኝና ወደ ነገሩ ልግባ።

አልወፈርኩም። ውሃ ነው።

ደሜን የመለሱ ጊዜ ሐኪሟ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ሰጥታኝ ነበር። አልሄድኩም። ከስድስት ወር በኋላም አልሄድኩም። አንቺን «ሂጂ» እያልኩ ስደውልልሽ ያንን ክሊኒክ ፊት ለፊቴ እያየሁ ነበር የምደውለው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ እንዳልዋሽሽ ዕረፍት ነበረኝ። ፈራሁ። አንቺ ስፌት ልትማሪ ወጥተሽ ስትውዪ እማዬን አንስቼ የማስቀምጣት፣ ውሃ በማንኪያ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። ያንን ነገር ራሴ ላይ ካላየሁት የሌለ መሰለኝ። ያንቺን ጉበት በሩቅ ሆኜ ማየት እችል ነበር፤ የራሴን ግን አልቻልኩም። አንቺ «ንጹሕ ነው» ብለሽ ስትጽፊልኝ ለእኔም የተባለልኝ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቀኝ ጎኔን ከበደኝ። አንሶላ ሳነሳ እግሬ ይከዳኝ ጀመር። ባልደረባዬ አንድ ቀን ሥራ መሀል ክንዴን ይዞ መንገዱን አሻገረኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ ስለ ኳስ ያወራኝ ነበር። ከዚያ ዝም አለና አንዲት ቦታ ላይ እየተመላለሰ ይፈልግ ጀመር። እዚያች ዝምታው ላይ አወቅኩት።

ቀጥሎ ሲቲ ስካን አነሱኝ። ክንዴ ላይ መድኃኒት ወግተው በምትሽከረከረው ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። ትኩስ ነገር ከጉሮሮዬ እስከ ታች ወረደ፤ ሽንቴ ያመለጠኝ መስሎኝ አፈርኩ። ኋላ ሐኪሙ ምስሎቹን ደርድሮ አሳየኝ። ጉበት ደሙን በብዛት የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ደም ሥር ነው አለኝ። ካንሰሩ ግን ከልብ በሚመጣው ነው የሚጠጣው። ስለዚህ የወጉኝ ቀለም ሲገባ መጀመሪያ ካንሰሩ ብልጭ ብሎ ይበራል፣ ጉበቱ ገና ነው። ትንሽ ቆይቶ ጉበቱ ሲበራ ካንሰሩ ቀለሙን ቀድሞ ይለቅና ይጠቁራል። ቀድሞ የሚበራ፣ ቀድሞ የሚጠፋ። የእኔ እንደዚያው ነው።

«በመርፌ ቆንጥራችሁ አታዩትም?» አልኩት።

«ቫይረሱ የሌለበት፣ ጉበቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ብትሆን በምስል ብቻ አልፈርድም ነበር» አለኝ። «አንተ ግን ቫይረሱ አለብህ፣ ጉበትህም ጠባሳ ሆኗል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ምስል ከታየ ያው ነው።»

ትልቁ እባጭ ብርቱካን ያክላል። እንደ ልጆቹ ያሉ ትንንሾችም በዙሪያው አሉ። ደም ሥሩ ውስጥም ስለገባ መቁረጥ አይቻልም። የሰጡኝን ኪኒን ጉበቴ አልቻለውም፤ አቆሙት። ሐኪሙ «ደምህን በመለሱልህ ጊዜ መጥተህ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረና ዓይኔን አይቶ ተወው። ጥሩ ሰው ነው።

ሱሪውን ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ዳኛው፤

ሱሪውን ልኬዋለሁ። ሸሚዙንም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር። ለአንተ የተባለ አይመስለኝም ነበር። ማሽን በየመንገዱ ባለበት አገር ተቀምጠህ፣ እኔን እዚህ ወረፋ እያስጠበቅክ፣ አንተ መስኮት ስታይ ከረምክ። ምን ልበልህ? ብሳደብ ለራሴ ነው የሚያመኝ።

ፎቶውን ግን አላምንም። ሥጋውን ሳይነኩት፣ ሳይቆነጥሩት፣ በጥቁርና ነጭ ጥላ ብቻ ሰው ላይ እንዴት ይፈረዳል? እኔ ጨርቅ እንኳ በዓይኔ አይቼ አልገዛም፤ በጣቴ አሽቼ ነው። በብርሃን ስታየው እድፍ የሚመስል ስንት ጨርቅ አለ መሰለህ፣ እጥፋት ሆኖ የሚገኝ። በመርፌ ይዩት በላቸው። እምቢ ካሉ ሌላ ሐኪም ፈልግ። ያ ባልደረባህ ያሻግርህ።

የእኔም ቀጠሮ ደርሷል። አልሄድም። ልጄ ትነዘንዘኛለች። «አጎትሽ ሳይሄድ እኔን የላከኝ ሰው ነው» አልኳት። ምን ሊጠቅመኝ ነው? አንተ ከሌለህ ንጹሕ ነው ብዬ ለማን ልጽፍ ነው?

ይሄን ወረቀት ልቀደው ፈልጌ ነበር። ተውኩት፤ አንብበው።

እህትህ


ታኅሣሥ 28

እታለም፤

ስድብሽ ደርሶኛል፤ በልኬ ነው። ሱሪውም በልኬ ነው። ገመዱን ከውስጥ ማድረግሽ ጥሩ ሆነ፤ ሆዴን አይቆርጠኝም። ባልደረባዬ አይቶ «እህትህ ለእኔም ትስፋልኝ» ብሏል።

ስለ መርፌው እኔም እንዳንቺ ብዬ ሐኪሙን አስጨንቄዋለሁ። «መርፌ ብወጋህ ደም ሊፈስብህ ይችላል፤ የማላውቀውን ነገርም አይነግረኝም» አለኝ። ሌላ ሐኪምም አየኝ። ሴት ናት፤ የመጀመሪያውን ፍርድ ሳትሰማ ምስሉን ብቻ አይታ ያንኑ አለች። እታለም፣ ምስሉ አልዋሸም። አልበደለኝምም። እኔ ነኝ ዘግይቼ የሄድኩበት። ጊዜውን ጠብቄ ብሄድ ኖሮ ይኸው ምስል ነበር የሚያድነኝ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ቀጠሮሽን ሂጂ። በእኔ ተናድደሽ ከሆነ ንዴትሽን ስመጣ ፊት ለፊት አውርጂብኝ፤ ጉበትሽ ላይ ግን አትወጪው። እኔ ፈርቼ ያደረግኩትን አንቺ አዝነሽ ብትደግሚው ያው አንድ ነው፤ በሽታው ፍርሃትና ሐዘን አይለይም።

ስመጣ ያልኩሽ ዝም ብዬ አይደለም። ሐኪሙ «አገርህ መግባት ከፈለግክ አሁን ነው» አለኝ። እዚህ ያሉት ልጆች ቲኬቱን ቆርጠውልኛል። የካቲት ማለቂያ ላይ እገባለሁ። የሆዴን ውሃ አስቀድተው ነው የሚልኩኝ። አይተሽኝ እንዳትደነግጪ፤ ልኬን አስቀድሜ የላክሁልሽ አንድም ለዚህ ነው።

ወንድምሽ


ጥር 26

ለወንድሜ፣ ለዓይኔ፣ ለዳኛው፤

በላይህ ላይ ያለው ቀሎልህ፣ መንገዱ ቀንቶህ፣ በእግርህ ለመግባት ያብቃህ።

ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ። ወደ ግቢው የሚያየው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ነው። አልጋውን አናጺ ጠርቼ እግሩን አሳጠርኩት፤ ስትወርድ እንዳትቸገር። ትራስ አራት ሰፍቻለሁ፤ ሆድህ ሲነፋ ቀና ብለህ ነው የምትተኛው። የእማዬን አይቼ አውቃለሁ።

ሄድኩ። ልጄ አንድ እጄን ይዛ፣ ደብዳቤህ በሌላው እጄ ሆኖ ሄድኩ። ያቺ ቀጭን ልጅ «ዘገዩብኝ» ብላ ተቀበለችኝና እንደ ልማዷ ትንፋሽ ታስይዘኝ ጀመር። ሐሞት ነው አለች። ኩላሊት ነው አለች። ከዚያ ማውራት ተወች። አንድ ቦታ ላይ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ያንተን ደብዳቤ ባላነብ ኖሮ ዝምታዋ አይገባኝም ነበር። «ልጄ፣ አገኘሽው አይደል?» አልኳት። «እኔ መናገር አልችልም፤ ሐኪሟ ትንገርዎት» አለች። ግን ሆዴን ስትጠርግልኝ እጇ ከሌላው ቀን ቀስ ያለ ነበር።

ሲቲ ስካኑን ለማንሳት ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። ያ ትኩስ ነገር ሲወርድብኝ አንተ ያፈርክባት ቦታ ላይ እኔም አፈርኩ፤ ወዲያው ሳቅ መጣብኝ፤ «አይንቀሳቀሱ» ብለው ተቆጡኝ። ኋላ ሐኪሟ ምስሎቹን አስደግፋ አሳየችኝ። መጀመሪያው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ብላለች። ቀጥሎ ያለው ላይ ጉበቱ ሁሉ ነጥቷል፤ ነጥቧ ጠቁራለች። ሐኪሟ ልታስረዳኝ ስትጀምር «ቀድማ የምትበራ፣ ቀድማ የምትጠፋ» አልኳት። «ማን ነገረዎት?» አለችኝ። «ወንድሜ» አልኳት።

«በመርፌስ?» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። በአንተ ላይ ያላመንኩትን ፎቶ በራሴ ላይ አመንኩት፤ ምን ይባላል ይሄ?

አንዲት ናት። ባቄላ ታክላለች። ከደም ሥር ርቃ ጠርዝ ላይ ነው ያለችው። ጉበቴ እንዳንተ ጠባሳ አልሆነም፤ ስለዚህ ቆርጠው ያወጧታል። ቀዶ ሐኪሙ «በሰኔ ንጹሕ ነበር? እንግዲህ በጊዜዋ ነው የያዝናት። ቀጠሮውን ትተውት ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለኝ።

ይሄን ለአንተ መጻፍ እንዴት ከበደኝ መሰለህ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ቀን ያዝኩት። እሱ እንዲያ ሆኖ እኔ እተርፋለሁ ብዬ እንዴት እጽፍለታለሁ አልኩ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ከእኛ ቤት መደበቅ ይብቃ።

አንድ ችግር አለ። ለቀዶ ጥገናው የሰጡኝ ቀን አንተ የምትገባበት ሳምንት ላይ ዋለ። እኔ ተኝቼ አንተን ማን ይቀበልሃል? ማን ያነሳሃል? ማን በማንኪያ ያጠጣሃል? ይሄን ያልተማርኩት አንተ ስለነበርክላት ነው፤ አሁን ተራዬ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን አዛውሩልኝ ልለው ነው። ባቄላ ናት፤ ጥቂት ወር ብትቆይ የት ትደርሳለች? አንተን ካየሁ በኋላ ይደርሳል።

እህትህ


የካቲት 5

እታለም፤

አጭር ነው የምጽፍልሽ፤ እጄ ቶሎ ይደክመዋል። ሆስፒታል ነኝ፤ ውሃውን ሊቀዱልኝ አስተኝተውኛል።

ደብዳቤሽን ባልደረባዬ አመጣልኝ። ባቄላ ታክላለች የሚለው ጋ ስደርስ ሳቅኩ። ጎኔን ይዤ ነው የሳቅኩት። ነርሷ ሮጣ መጥታ «ምን ተገኘ?» አለችኝ። «እህቴ ትንሽ ካንሰር ተገኘባት» አልኳት። መድኃኒቱ ያሳበደኝ መስሏት ሐኪም ልትጠራ ነበር። ቁጭ አድርጌ ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳት። ሲገባት እጄን ያዘችኝ። «ስንት ናት?» አለች። «አንድ ናት።» «ደም ሥሩስ?» «አልገባችበትም።» ስለተወለደ ሕፃን የምናወራ ነበር የምንመስለው። ከታመምኩ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ቀን አልነበረኝም። አንቺ መትረፍሽን ለእኔ መጻፍ ከብዶሽ ነበር አልሽ። እኔ ሌላ ምን ወሬ አለኝ ብለሽ ነው?

አሁን ስሚኝ። ቀኑን አታዛውሪው። እኔን የሚቀበል ሰው አይጠፋም፤ ልጅሽ አለች፣ ጎረቤት አለ። አንቺን ግን ሌላ ሰው ተክቶሽ አይታከምልሽም። ባቄላ ናት ብለሽ አትናቂያት። የእኔም አንድ ሰሞን ባቄላ ነበረች፤ መስኮት ሳይ ነው ያደገችው።

በእግሬ ከገባሁ ከአየር ማረፊያው በቀጥታ አንቺ ወደተኛሽበት ያምጡኝ። ወንበር ይስጡኝ፤ እቀመጣለሁ። በማንኪያ ማጠጣት አልረሳሁም።

በሌላው መንገድ ከገባሁ ደግሞ ይቅበሩኝና፣ ቁስልሽ ሲደርቅ ይንገሩሽ። ለልጅሽ ይሄን ለብቻዋ ጽፌላታለሁ፤ ብትጠይቂያትም አትነግርሽም። ከአልጋሽ እንዳትነሺ።

ወንድምሽ ዳኛው